ያረጀ ፔጆን ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የማዘጋጀት ዝርዝር መመሪያ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ባለንብረቶች

በድሬዳዋና በሐረር አርባና ሃምሳ ዓመት ያገለገሉ መኪኖች፣ በተለይም ፔጆ 404፣ ዛሬም መንገድ ላይ ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙ ባለንብረቶች ቦሎ ለማሳደስ ሄደው ሳይሳካላቸው ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹም በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግመው ይመላለሳሉ። ለዚህ ትልቁ ምክንያት የመኪናው ዕድሜ ሳይሆን ዝግጅቱ ከመጨረሻው መጀመሩ ነው። ቀለሙ ይቀባል፣ ወንበሩ ይለበሳል፣ ለላሜራ ሥራ ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ግን የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር እንደማይገጥም ወይም የፊት ፍሬኑ በአንድ በኩል ብቻ እንደሚይዝ ይታወቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ መጀመሪያ ሰነድ፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ ከዚያ መሪና ጎማ፣ መብራት፣ ጭስ፣ በመጨረሻ ቦዲ። ቦሎው ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ይጀምሩ፤ ለዚህ ሞዴል የሚሆን መለዋወጫ በአንድ ቀን ፍለጋ አይገኝምና።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ዕድሜ ከምርመራ ነጻ አያወጣም

ዘመድ ውጭ አገር ያላቸው ባለንብረቶች "ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ መኪና አይመረመርም" የሚል ወሬ ሰምተው ምርመራውን ይተዉታል። ወሬው መሠረት የሌለው አይደለም፤ ሕጉ ግን የሌላ አገር ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸው መኪኖች ከዓመታዊው ምርመራ ነጻ ናቸው፤ ያውም ባለፉት 30 ዓመታት ውስጥ መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባቸው ከሆኑ ብቻ ነው። ጀርመንም 30 ዓመት ለሞላቸውና የጥንት ይዘታቸውን ለጠበቁ መኪኖች የተለየ ሰሌዳ ትሰጣለች፤ ከምርመራው ግን አታስቀራቸውም። በእኛ አገር ጉዳዩ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ በተደነገገው መሠረት ስለሆነ፣ የ1960ዎቹ ፔጆም ሆነ ትናንት የተገዛ መኪና ለዓመታዊው ምርመራ መቅረብ አለበት።

ደረጃ 1፦ ሰነዱን ከብረቱ ጋር ያመሳክሩ

1. ሊብሬውን በእጅዎ ይዘው ኮፈኑን ይክፈቱ። የሻንሲውን ቁጥር በሰሌዳው ላይም፣ በብረቱ ላይ ከተመታውም ያንብቡ፤ ከዚያ የሞተሩን ቁጥር ይፈልጉ። ቁጥሮቹን በትዝታ አያነጻጽሩ፤ በወረቀት ላይ አንድ በአንድ ይጻፏቸው።

2. ቁጥሩ በቅባትና በአቧራ ከተሸፈነ በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ተጠቅመው ቀስ ብለው ያጽዱት። ብረቱ ሲደርቅ ነጭ ጠመኔ በላዩ ላይ በጠፍጣፋው ይሹበትና ትርፉን በጣትዎ ይጥረጉት፤ ጠመኔው በተመታው ጉድጓድ ውስጥ ስለሚቀር 3 የመሰለው 8፣ 1 የመሰለው 7 ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ፎቶ ያንሱት።

3. ቀለሙን፣ የወንበሩን ብዛትና የአገልግሎቱን ዓይነትም ያመሳክሩ። ሊብሬው ነጭ እያለ መኪናው ሰማያዊ ከሆነ፣ ወይም መኪናው ቀድሞ ኮድ 1 ታክሲ ሆኖ ዛሬ ለግል የሚነዳ ከሆነ፣ ለውጡ በመዝገቡ ላይ መግባት አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥሩ በሚገኝበት ቦታ ላይ ሞላ (ብረት መፍጫ) አያስነኩ፣ ብየዳ አያሠሩ፣ ስቱኮ (የቦዲ መሙያ ልስን) አያስቀቡ። የደበዘዘ ቁጥር "እንዲነበብ" ብሎ እንደገና ማስመታት ከባድ ወንጀል ነው፤ የተበላሸ ቁጥር የሚስተካከለው በመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ውሳኔ ብቻ ነው።

ካልገጠመስ? ሁለት ነገር ይለዩ። ልዩነቱ የአንድ አኃዝ ወይም የአንድ ፊደል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ በእጅ ሲገለበጥ የተፈጠረ ስህተት ነው፤ ከፎቶውና ከቆዩ ሰነዶች ጋር አያይዘው የእርማት ማመልከቻ ያስገቡ። ሞተሩ በሙሉ የተለወጠ ከሆነ ግን የአዲሱ ሞተር የግዢ ደረሰኝና የጉምሩክ ሰነድ ይፈለጋል። ያለ ሰነድ የተገዛ ሞተር የገጠሙ ባለንብረቶች ከሁሉም የባሰ ችግር ላይ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ ሞተር ለመለወጥ ገና ካሰቡ፣ ከመግጠምዎ በፊት ጠይቀው ፈቃዱን ያግኙ። ይህ ጉዳይ ሳይፈታ ለጋራዥ አንድ ብር እንኳ ባያወጡ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ መኪናው በማን ስም ነው?

በሁለቱ ከተሞች ካሉት አሮጌ መኪኖች ብዙዎቹ የሚነዱት በልጆች ሲሆን ሊብሬው አሁንም በአባት ወይም በአያት ስም ነው። ባለቤቱ በሕይወት ካሉ ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ ያሰጡ፤ ውክልናው ምርመራ ማስደረግን፣ ቦሎ ማሳደስንና አስፈላጊ ከሆነ ስም ማዛወርን በግልጽ የሚዘረዝር ይሁን፤ "ንብረቴን ያስተዳድርልኝ" የሚል ጥቅል ቃል ብቻውን ለሁሉም ጉዳይ አይበቃም። ባለቤቱ ካረፉ ውክልናቸው አብሮ ያበቃል። ያኔ ከፍርድ ቤት፣ ወይም ወራሾቹ ሁሉ ተስማምተው ከሄዱ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው መኪናው ለማን እንደደረሰ በጽሑፍ ይወስኑና ስሙን ያዛውሩ። ወንድምና እህት ባልተስማሙበት መኪና ላይ ፍሬን መቀየር ትርፉ ጭቅጭቅ ነው።

በዚሁ ደረጃ የሦስተኛ ወገን መድን ያሳድሱ። መድኑ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግዴታ ስለሆነ ያለ እሱ ጉዳይዎ ወደፊት አይሄድም። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለም ይክፈሉ። የንግድ መኪና ከሆነ የግብር ሰነዱን ያዘጋጁ።

ደረጃ 3፦ ፍሬን

ምርመራው ላይ አሮጌ መኪና በብዛት የሚወድቀው እዚህ ነው። የሚለካው መኪናው መቆሙ ብቻ ሳይሆን የግራና የቀኝ ጎማዎች የሚይዙበት ኃይል መመጣጠኑም ነው። እግር ላይ "ጥሩ ነው" የሚባል ፍሬን በመሣሪያው ላይ ሲለካ አንዱ ጎማ የሌላውን ግማሽ እንኳ ላይዝ ይችላል። በተጨማሪም የብዙዎቹ የ1960ዎቹ መኪኖች የፍሬን መስመር አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማዎች ያለ ፍሬን ይቀራሉ። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደውን የደንገጎ ቁልቁለት በእንዲህ ያለ መኪና የሚወርድ ሰው ይህን ሥራ ለማንም ችኩል መካኒክ መተው የለበትም።

1. መኪናውን በክሪክ አንስተው በጠንካራ ማስደገፊያ ላይ ያሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር ማንም እንዳይገባ።

2. አራቱንም ጎማና ታምቡሮ (የፍሬን ከበሮ) ያውጡ። ውስጡ ያለውን አቧራ በኮምፕረሰር አይንፉ፤ የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችልና ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

3. የጎማዎቹን የፍሬን ሲሊንደሮች ላስቲክ በጣትዎ ገለጥ አድርገው ይዩ። ከውስጡ እርጥበት ካለ ሲሊንደሩ ማፍሰስ ጀምሯል። ዘይት የነካውን ሸራ በቤንዚን አጥበው መልሰው አይግጠሙ፤ ዘይቱ ሸራው ውስጥ ስለሚሰርግ ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል። ሸራ ሲቀየር በአንድ ጎማ ብቻ ሳይሆን በግራም በቀኝም አብሮ ይቀየር።

4. ከላስቲክ የተሠሩትን የፍሬን ዘይት ቱቦዎች አጠፍ አድርገው ስንጥቅ ይፈልጉ። የሃያ ዓመት ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሊያብጥ ይችላል፤ ምልክቱም ፔዳሉን ከለቀቁ በኋላ ጎማው ታስሮ መቆየቱ ነው።

5. የፍሬን ዘይቱን በሙሉ ይቀይሩ። ይህ ዘይት ከአየር ላይ ውኃ ይስባል፤ ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ሲቆይ፣ ውኃ ከጠጣ በኋላ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። የሞተር ወይም የካምቢዮ ዘይት በፍጹም አይጨምሩ፤ ጎሚኒዎቹን (ዘይቱን የሚያግዱትን ላስቲኮች) ሁሉ አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

6. አየሩን ሲያስወጡ ከዋናው ፖምፓ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው) እጅግ ከሚርቀው ጎማ ይጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ማጠራቀሚያው ባዶ እንዳይሆን አንድ ሰው ይጠብቀው።

7. ሸራዎቹን ከጀርባ ባለው ማስተካከያ ጎማው እስኪታሰር ድረስ ያጥብቁ፤ ከዚያ ጎማው በነጻ እስኪዞር ብቻ መልሰው ያላሉት። ፊቱ ታምቡሮ በሆነው 404 ላይ እያንዳንዱ ሸራ የራሱ ማስተካከያ ስላለው አንዱን ብቻ አስተካክሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው።

8. የእጅ ፍሬኑን ያስተካክሉት፤ ይህ የሚሠራው ግን ሰባተኛው ተራ ካለቀ በኋላ ነው። ገመዱን ቀድሞ መወጠር የሸራውን ክፍተት ይሸፍናል እንጂ አያስተካክለውም።

ፈተናው እንዲህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አጥብቀው ለአንድ ደቂቃ ይርገጡት። ቀስ እያለ ከወረደ ዋናው ፖምፓ ወይም አንድ መገጣጠሚያ ያፈሳል። ሲደጋግሙት ከፍ የሚል ከሆነ አየር ቀርቶበታል፣ ወይም ሸራው ርቋል። ከዚያ ከሰውና ከመኪና ነጻ በሆነ ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄዱ፣ መሪውን በቀላሉ ይዘው ፍሬን ይያዙ። መኪናው ወደ ቀኝ ከሳበ ብዙ ሰዎች የቀኙን ጎማ ይፈታሉ፤ የሚጎትተው ግን የሚይዘው ጎማ ስለሆነ ብልሽቱን በአብዛኛው የሚያገኙት በግራው ነው።

ደረጃ 4፦ መሪ፣ እግርና ጎማ

የፊት ጎማውን አንስተው በመጀመሪያ ከግራና ከቀኝ፣ ቀጥሎ ከላይና ከታች ይዘው ያወዛውዙት። በጎን መላላት በአብዛኛው የቴስቲኒ (የመሪ ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) ነው። ከላይ ወደ ታች ከላላ ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ ያድርጉ፤ ያኔ መላላቱ ከጠፋ ኩሽኔታው (ጎማው የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ነው፤ ካልጠፋ የእግሩ (ጎማውን የሚሸከመው ክፍል) መገጣጠሚያ ነው። ቴስቲኒ ከተቀየረ የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል ግድ ነው።

የጎማውን ዕድሜ በጎኑ ላይ ባለው ባለአራት አኃዝ ቁጥር ያንብቡ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ፀሐይ ላይ የቆመ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑ ይሰነጠቃል። ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ይቀይሩት። በአንድ አክስል ላይ ሁለት ዓይነት ጎማ አይግጠሙ።

ደረጃ 5፦ መብራት

አሮጌ መኪና ላይ የፊት መብራት ደብዛዛ የሚሆነው አምፖሉ ደክሞ ሳይሆን ማሳው (ገመዱ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰርበት ቦታ) ዝጎ ወይም የገመዱ ጫፍ ተበልቶ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪውን በቴስተር ይለኩ፤ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው፣ መብራቱን አብርተው ባትሪው ላይና አምፖሉ መሰኪያ ላይ ይለኩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ማሳውን ፈትተው ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይፋቁት።

በጠንካራ አምፖል ለመተካት አይቸኩሉ፤ የድሮው ገመድና ማብሪያ ማጥፊያ ስለማይችለው ይቀልጣል። ለኤልኢዲ ባልተሠራ መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል መግጠምም ብርሃኑን ይበትናል፤ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። ከጃፓን የቀኝ መሪ መኪና የተፈታ የፊት መብራት ደግሞ በገበያ ላይ በርካሽ ይገኛል፤ ነገር ግን በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ ስለሆነ አጭሩ ብርሃን ወደ ግራ፣ ማለትም በእኛ መንገድ ከፊት ወደሚመጣው መኪና ይወረወራል። ማስተካከያ ብሎን አያድነውም፤ አይግዙት።

አቅጣጫውን ለማስተካከል መኪናውን በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀት ላይ ያቁሙ። የመብራቱን መካከል ቁመት በግድግዳው ላይ በጠመኔ ያሰምሩ፤ የአጭሩ ብርሃን የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይረፍ። ፍሬቻ፣ ስቶፕ፣ የታርጋ መብራት፣ ክላክስና የዝናብ መጥረጊያም ይታያሉ።

ደረጃ 6፦ ጭስ፣ ወይም በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ከፍታ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ይገኛሉ። ካርቦራተር የአየሩን መሳሳት አይረዳም፤ ስለዚህ ድሬዳዋ የተስተካከለው ሐረር ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ያጨሳል፣ ሐረር የተስተካከለው ድሬዳዋ ሲወርድ ደግሞ ይሳሳበትና ሞተሩ ይሞቃል። ካርቦራተሩን በሚመረመርበት ከተማ ያስተካክሉት። ይህን የማያውቁ ሰዎች ጭሱን አይተው ሞተር ያስፈታሉ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ፤ ካንዴላዎቹንና ፑንቲናውን (የማቀጣጠያውን መገናኛ) ይፈትሹ፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ ድረስ ለ20 ደቂቃ ይንዱ፤ በመጨረሻ የሚኒሞውን (መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር የሚዞርበትን) ብሎን ያስተካክሉ። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተስተካከለ ካርቦራተር ምንም ዋጋ የለውም። ከዚህ በኋላ ሰማያዊ ጭስ ካለ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ካለ ውኃ እየገባ ሊሆን ስለሚችል የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮን ያስመርምሩ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ቀዳዳ ካለበት ጭሱ ወደ መኪናው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስለሆነ ይህን ለነገ አይበሉ።

የኋላው ዲፈረንሻል የሚያፈስ ከሆነም ይስተካከል። የፔጆ 404 ዲፈረንሻል የነሐስ ጥርስ አለው፤ ለሌሎች መኪኖች የሚሸጠው ብርቱ ኬሚካል ያለው ዘይት ነሐሱን ስለሚበላው፣ ለነሐስ የሚስማማ መሆኑ በቆርቆሮው ላይ ያልተጻፈ ዘይት አይጨምሩ።

ደረጃ 7፦ ቦዲና የደህንነት ቀበቶ

ወለሉን፣ ክሪክ የሚገባበትን ቦታና የፊት እግር የሚታሰርበትን ብረት በማግኔት ይፈትሹ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከሥሩ ስቱኮ ነው። ጭነት የሚሸከም ብረት ከተበላ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድ፤ በስቱኮ መሸፈን መርማሪውን ሳይሆን ራስዎን ማታለል ነው። ከብየዳ በፊት ባትሪው ይፈታ፤ የቤንዚን ታንከሩ አጠገብ የሚበየድ ከሆነ ታንከሩ ወጥቶ ከግቢ ይራቅ። ባዶ ታንከር ውስጡ ትነት ስለሚቀር ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል።

የፊት ወንበር ቀበቶ በትራፊክ ደንቡም ይጠየቃል። መኪናው ሲሠራ ቀበቶ ካልነበረው፣ ብሎኑን በስስ ላሜራ ላይ አያሳስሩ፤ ከሥሩ ወፍራም የብረት ሳህን ይኑረው፤ አለበለዚያ በግጭት ጊዜ ከነሥሩ ይነቀላል። ቀለም መቀባት ካሻዎ አሁን ይቀቡ፤ ሊብሬው ላይ ያለውን ቀለም ግን ይጠብቁ።

ደረጃ 8፦ የምርመራው ዕለት

1. ከአንድ ቀን በፊት መኪናውን ከሥሩ ያሳጥቡ። በዕለቱ ጠዋት አያሳጥቡ፤ ታምቡሮ ውስጥ የገባ ውኃ የፍሬኑን ልኬት ያበላሻል።
2. ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ባለሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ፣ የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ይያዙ። ሌላ ጭነት ሁሉ ያውርዱ።
3. ሊብሬውን፣ መድኑን፣ ውክልናውንና መታወቂያዎን ከነቅጂያቸው በአንድ ፋይል ያድርጉ።
4. በጠዋት ይድረሱ። ከሐረር ወይም ከሐሮማያ በኩል ደንገጎን ወርደው ድሬዳዋ የሚያስመረምሩ ከሆነ፣ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ከደረሱም በኋላ ታምቡሮው እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቁሙ። የጋለ ፍሬን ልኬቱ ዝቅ ይላል።
5. ቦሎው ካለፈበት መኪናውን ዝም ብለው አይንዱት፤ ጊዜያዊ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ይጠይቁ፣ ካልተገኘም በጭነት መኪና ያስወስዱት።

ደረጃ 9፦ ቢወድቅስ?

የወደቀበትን ነጥብ በቃል ብቻ ሰምተው አይሂዱ፤ በጽሑፍ ይቀበሉ። "ፍሬኑ አይሠራም" ማለትና "የኋላ ግራና ቀኝ አይመጣጠንም" ማለት ለመካኒኩ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የተጻፈውን ብቻ አስተካክለው፣ የሠራውን ጋራዥ ደረሰኝ ይዘው ይመለሱ። የወደቀው በፍሬን ወይም በመሪ ከሆነ ወደ ቤት እየነዱ አይመለሱ። በውጤቱ ካልተስማሙ ከመርማሪው ጋር መከራከር አይጠቅምም፤ በዚያው ዕለት ለኃላፊው በጽሑፍ ያመልክቱና ድጋሚ ልኬት ይጠይቁ። በጉዳይ አስፈጻሚ በኩል ቦሎ ለማግኘት ገንዘብ መክፈልን ግን አያስቡት፤ የማይዘው ፍሬን ያው እንደማይዝ ይቀራል፤ ሕፃናትም በዚያው መንገድ ይሻገራሉ።

ካለፈ በኋላ፦ በምን አገልግሎት ይነዳል?

ቦሎውንና የመድኑን ምልክት በፊት መስታወቱ ላይ ይለጥፉ። በኮድ 2 የተመዘገበ መኪና ለግል አገልግሎት ነው፤ ለሠርግ ማከራየት ወይም ጎብኚዎችን ከፈረስ መጋላ እያሳፈሩ በጀጎል ዙሪያ በክፍያ ማዞር የንግድ ሥራ ስለሆነ፣ አገልግሎቱን አስለውጠውና ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቀው ይጀምሩ። መኪናው ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ለቀው በጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ሸራው ከታምቡሮው ጋር ይጣበቃል። የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩ፤ የዘንድሮውን የምርመራ ውጤት ወረቀትም ከሊብሬው ጋር ያስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ዓመት መካኒኩ ሥራውን የሚጀምረው ዝቅተኛ ልኬት ካስመዘገበው ጎማ ይሆናል።